የአቀንጭራ ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ አልበቅል ሲል

የአቀንጭራን፣ ማለትም የእህል ሥር ላይ የሚጣበቀውን ጥገኛ አረም፣ ዘር አርጥበዋል፣ እንዲበቅል የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል (ማነቃቂያ) ጨምረዋል፤ ፔትሪ ዲሹ ላይ ግን ምንም ነገር የለም። ማነቃቂያውን ከመጠርጠር በፊት መታየት ያለበት ዘሩ ነው።

ችግር፦ አንድም ዘር አልበቀለም

ዘሩ መቼ ተሰበሰበ? አዲስ የአቀንጭራ ዘር ምንም ቢያደርጉለት አይበቅልም። ደረቅና ሞቃት ቦታ ለወራት መቆየት አለበት፤ እስከ 6 ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። ይህን ጊዜ ለማሳጠር መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

የቆየ ዘር ከሆነ በሕይወት መኖሩን ሕያው ህዋስን በሚያቀላው ቴትራዞሊየም በተባለ ኬሚካል ይፈትሹ። ሕያው ሽል ይቀላል። ቡናማው ቅርፊት ቀለሙን ስለሚሸፍን መጨረሻ ላይ በበረኪና ማሳሳት ያስፈልጋል። ካልቀላ ሞቷል፤ ሌላ ዘር ይፈልጉ።

ችግር፦ ዘሩ ሕያው ነው፣ ግን አሁንም እምቢ አለ

አብዛኛው ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ደረቅ ዘር ላይ ማነቃቂያ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ዘሩ በቅድሚያ ከ10 እስከ 14 ቀን በእርጥብ ፊልተር ወረቀት ላይ፣ በጨለማ፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቆይ። ዲሹን በፎይል ይጠቅልሉ። ወረቀቱ ይርጠብ እንጂ ዘሩ ውሃ ውስጥ አይዋኝ። የያዙት የአቀንጭራ ዘመድ የሆነው ሌላው ጥገኛ አረም፣ ኦሮባንኪ፣ ከሆነ ሙቀቱን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ያውርዱ፤ ሁለቱን በአንድ ኢንኩቤተር ማዘጋጀት አይሆንም።

ረጅም ጊዜ ማርጠብም ጥሩ አይደለም። ሳምንታት ሲደራረቡ ዘሩ ተመልሶ ይተኛል። ያን ጊዜ መፍትሄው አድርቆ እንደገና መጀመር ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ካልበቀለ አሁን ማነቃቂያውን ይጠርጥሩ። በላቦራቶሪ የሚሠራው የተለመደ ማነቃቂያ፣ ጂአር 24፣ ውሃ ውስጥ እየተበላሸ ይሄዳል። በአሴቶን የሟሟውን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፤ በውሃ የሚያቀጥኑት በሚጠቀሙበት ዕለት ይሁን። አሴቶን ራሱ ዘሩን እንዳይጎዳ መጠኑ እጅግ ትንሽ መሆን አለበት። ውጤቱን ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ ይዩ፤ የምትፈልጉት ነጭ የሥር ጫፍ ነው።

ችግር፦ ውሃ ብቻ ያገኘውም በቀለ

ዕቃው ተበክሏል ማለት ነው። ስትራይጎላክቶን (ጂአር 24 የሚመደብበት የማነቃቂያ ዓይነት) በጣም በትንሽ መጠን ስለሚሠራ በደንብ ያልታጠበ ፒፔት ይበቃዋል። ሌላው ተጠርጣሪ ኤትሊን ጋዝ ነው፤ የበሰለ ፍራፍሬ ከኢንኩቤተሩ አጠገብ አይቀመጥ። ይህ ጋዝ አቀንጭራን ከልቡ ይቀሰቅሳል። አሜሪካ በካሮላይና ግዛቶች የተገኘውን አቀንጭራ ለማጥፋት ጋዙን የማሳው አፈር ውስጥ ያስገባችው ለዚሁ ነው፤ የሚጣበቅበት ሥር ያጣ ቡቃያ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

ችግር፦ ሻጋታ

ዘሩን ከማርጠብዎ በፊት 1 በመቶ በሆነ በረኪና ለጥቂት ደቂቃ ይጠቡት፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት።

ሥራው ሲያልቅ ዘሩን፣ ወረቀቱን፣ የታጠበበትንም ውሃ በአውቶክሌቭ (በሞቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ሳያሳልፉ አይድፉ። ዘሩ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ልብስ ላይ ተጣብቆ ይወጣል፤ አፈር ውስጥ ከገባም ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።