ላንድክሩዘር ለግቤ ዳርቻ፦ መጀመሪያ ጎማው፣ መጨረሻ ዊንቹ

ጅማ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው መኪና ሲያሰናዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዊንች (የተያዘ መኪና በገመድ የሚስብ መሣሪያ) ስንት እንደሚሸጥ ነው። ቀጥሎ ጣሪያ ላይ የሚደረደር መብራት፣ ከዚያ መኪናውን ከፍ ማስደረግ። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ አንድ ሰው ሃርድቶፕ የሚባለውን ባለ ብረት ጣሪያ ላንድክሩዘር ገዝቶ ቢጠይቀኝ ግን ብሩን ከታች ወደ ላይ አውጣ ነው የምለው።

ባሕር የለንም። ለጅማ ሰው የሚቀርበው ዳርቻ በአዲስ አበባ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ የሚገኘው የግልገል ግቤ አንድ ሐይቅ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ማለት ነው። ቆሮሶ አለው፣ ባርቡስም አለው። ችግሩ ዳርቻው አሸዋ አይደለም። ሐይቁ በክረምት ይሞላና በበጋ ይሸሻል፣ ሲሸሽ የሚተወው መሬት ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሲያዩት ይታመናል፣ ሥሩ ግን ገንፎ ነው።

አንድ ግንቦት ላይ ውሃው ጋ ለመድረስ ሃምሳ ሜትር ሲቀረኝ የፊት ጎማዎቹ ያንን ቅርፊት ሰበሩት። መኪናው በዲፈረንሻሉ (ጎማዎቹን የሚያዞረው፣ አክሰሉ ላይ ያለው የጥርስ ቤት) ቁጭ አለ። ጎማዬ ለአስፋልት እንደተነፋ ነበር፣ አካፋም አልያዝኩም። የአካባቢው ገበሬዎች በሬ ጠምደው ሲጎትቱኝ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ከመሃላቸው አንድ አባት ያኔ የነገሩኝን እስካሁን እሠራበታለሁ፤ ከብቶች በየቀኑ ውሃ ለመጠጣት የሚወርዱበትን መስመር ፈልግ፣ እሱ ተረግጦ ጠንክሯል፣ ከሱ አትውጣ አሉኝ። አሁን መኪናውን አቁሜ መጀመሪያ በእግሬ እሄዳለሁ። ተረከዜን በኃይል ወግቼ አያለሁ፤ ከአውራ ጣት ውፍረት በላይ ከሰመጠ መኪና አላስገባም።

ወደ ጎማው እንምጣ። ብዙው የኛ አገር ላንድክሩዘር የሚሄደው 7.50 በ16 ኢንች በሆነ ባለ ከመነዳሪ (አየሩን የሚይዝ የውስጥ ጎማ ያለው) ጎማ ነው። ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የትም ጎሚስታ ይሠራዋል። ለጭቃና ለኮረት ጥሩ ነው፣ ለለስላሳ መሬት ግን አየሩን ካልቀነሳችሁ እንደ ቢላ ይቆርጣል። አስፋልት ላይ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚሄደውን ዳርቻው ስትደርሱ ወደ 20 አውርዱት። ጎማው ሲተነፍስ ወደ ጎን ከመስፋቱ ይልቅ ወደ ርዝመቱ ነው የሚተኛው፣ ክብደቱ ረጅም መሬት ላይ ይከፋፈልለታል። በከመነዳሪ ግን ከ18 በታች እንዳትወርዱ እመክራለሁ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የከመነዳሪውን ቫልቭ ከሥሩ ይበጥሰዋል። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ሰፋ ያለ ጎማና ቸርኬ መግዛት ከቻላችሁ ትንሽ ዝቅ ማለት ይቻላል። በየትኛውም ቢሆን በተነፈሰ ጎማ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አትንዱ፣ መሪም በድንገት አትጠምዝዙ። ጥሩ የአየር መለኪያና ከባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ግዙ። ከዊንች በፊት። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ከፍታ። 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አንድ ጋራዥ 10 ሴንቲ ሜትር አስነሳልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ክሮቸራው (ኃይሉን ወደ አክሰሉ የሚያስተላልፈው ዘንግ መገጣጠሚያ) መበላት ጀመረ፣ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እስኪበጠስ ተወጠረ፣ መኪናውም ጎን ለጎን ዘንበል ባለ ዳርቻ ላይ ሲሄድ ሆዴን ይበላኝ ነበር። መልሼ አስወረድኩት። ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ላይ ቅጠል ማስጨመር የሚጠቅመው ሁልጊዜ ጭነት ለሚይዝ ሰው ነው። ባዶውን ለሚነዳ ሰው ወገብ መስበር ነው። መጀመሪያ የምትጭኑትን ሁሉ ጭናችሁ ሚዛን ላይ አውጡት፣ ከዚያ ስለ ባሌስትራ አስቡ። አሮጌው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። የጫናችሁት እያንዳንዱ ኪሎ አቀበት ላይ ይሰማችኋል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ ናፍጣው 17 ገደማ። እነዚህን ፖርቶመጋላ (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ አታውጡ። ፖርቶመጋላው የማጥመጃ ዘንግና ቀላል ነገር ይያዝ፤ ዘንጉን 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ሁለቱን ጫፍ ብትከድኑት በጫካ መንገድ ቅርንጫፍ አይሰብረውም።

ስለ ውሃ ብዙ ሰው ስኖርክል (ለሞተሩ አየር ከላይ የሚስብ ቱቦ) ያስባል፣ ዲፈረንሻሉን ይረሳል። ረጅም መንገድ ሄዶ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሸማቀቃል፣ በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። መተንፈሻዋ ትንሽ ነገር ናት፣ አክሰሉ አናት ላይ ታገኟታላችሁ። እሷን አውልቃችሁ በቦታዋ የናፍጣ ጎማ ቱቦ ግጠሙና እስከ ሞተሩ ክፍል አናት ድረስ አውጡት፣ ለፊቱም ለኋላውም ለካምቢዮውም። ከሁሉም ነገር ርካሹ ይሄ ነው። ከጉዞ በኋላ የዲፈረንሻሉን ብሎን ፈትታችሁ ጣታችሁን አስገቡ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት። የፊት ኩሽኔታዎችም ግራሶ ይፈልጋሉ።

የኋላውን ሣጥን በተመለከተ የጅማ ሰው ዕድለኛ ነው። ከውጭ የሚመጣ የብረት መሳቢያ ውድ ነው፣ ከባድም ነው። ከተማችን በበርጩማዋና በዕቃዎቿ የታወቀች የእንጨት ባለሙያ ከተማ ናት፣ ታዲያ ለምን ሌላ ቦታ እንሄዳለን? እኔ አሮጌ የዋንዛ አልጋ ገዝቼ አናጺ ጋ ወሰድኩት። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም። ሥሩን በቀጭን ቱቦላሬ አስበየድኩ፣ ሣጥኑን በአራት ብሎን ከመኪናው ወለል ጋር አሰርኩ። ወለሉ ላይ አታስበይዱ፤ ዝገት ይጀምራል፣ ቦሎ ስታሳድሱም መፍታት ትፈልጉ ይሆናል። በግራ ያለው መሳቢያ መንጠቆ፣ ክርና ቢላ ይይዛል፣ በቀኝ ያለው ጀበናና ስኒ። የላዩ ጣውላ ደግሞ መኝታ ነው። ከተኛሁበት ሆኜ ሐይቁን በኋላ በር አያለሁ፣ ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ ለማየት መኪናውን ሁሌ ጀርባውን ወደ ሐይቁ አድርጌ ነው የማቆመው። እንዲህ ማቆም ሌላም ጥቅም አለው፤ አፍንጫው ወደ መውጫው ነው።

ኤሌትሪክ ላይ አጭር ልሁን። ለፍሪጅና ለመብራት ሁለተኛ ባትሪ አስገቡ፣ ከመጀመሪያው ጋር በሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይገናኝ፣ ሞተር ሲጠፋ ይለያይ። ከባትሪው በወጣ ኬብል ሁሉ ላይ ፊውዝ፣ እሱም ባትሪው አጠገብ።

አሁን ዊንች። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚታሰርበት ይፈልጋል፣ ውሃ በሸሸበት ሜዳ ላይ ደግሞ ዛፍ የለም። መፍትሔው ስኮርታው፣ ማለትም ትርፍ ጎማው ነው። ከመኪናው ፊት 15 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ጎማው ቆሞ የሚገባበት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ገመዱ የሚወጣበትን ቀጭን ቦይ ወደ መኪናው አስረዝሙ፣ ጎማውን ሰንሰለት አስራችሁ ቅበሩትና አፈሩን በደንብ ርገጡት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉ፣ ቢበጠስ ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ሰው ሁሉ ራቅ ይበል። ዊንች ለሌለው አካፋ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላና ሁለት የጎማ መንጠፊያ ላሜራ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ።

ግቤ ጉማሬ አለው። ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ መንገዱንም አይቀይርም። ሣሩ ተኝቶ እንደ ቦይ የጎደጎደ መስመር ወደ ውሃው ሲወርድ ካያችሁ እዚያ ላይ አታድሩ፣ ከብት የሄደበት ነው ብላችሁም አትሳሳቱ። ለመለየት ኮቴውን እዩ፤ የከብት ኮቴ ሁለት ነው፣ የጉማሬ አራት ጣት። ከመስፈራችሁ በፊት እዚያ የሚያሰግሩትን ልጆች ብትጠይቁ ደግሞ የትኛው መስመር የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ያሳዩአችኋል።

ስትመለሱ አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ጎማውን ንፉ። ከቸርኬው ውስጥ የደረቀውን ጭቃም በዱላ አራግፉ፣ አለበለዚያ መሪው እየተንቀጠቀጠ ጅማ ድረስ ይሄዳል።