የባሕር ትራውት ልታጠምዱ ስትሄዱ እነዚህን አታድርጉ

ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጀማሪዎችን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አወራወር አለማምዳለሁ። አንዳንዶቹ ለትምህርት ወይም ለሥራ አውሮፓ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የባሕር ትራውት የሚባለው ዓሣ ያምራቸዋል። እኔም ዌልስ ስኖር እንዲሁ ነበርኩ።

«ባሌ ወንዞች ላይ ስላጠመድኩ አውቀዋለሁ» የሚሉ አሉ። ዝርያውስ አንድ ነው። ከኬንያ መጥቶ ባሌ የተለቀቀው ቡናማ ትራውትም፣ የባሕሩም በሳይንስ ስማቸው ሳልሞ ትሩታ ነው። አንዱ ወንዝ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላው ባሕር ወርዶ ይወፍርና ብር መስሎ ይመለሳል። አርጀንቲና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 ሪዮ ግራንዴ ወንዝ የተለቀቀው ትራውት ባሕሩን ራሱ ነው ያገኘው። የባሌው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚፈልግ ቆላውን አልፎ ባሕር አይደርስም። ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ባትሪ ውሃ ላይ አታብሩ! ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ እግዜር ይወቀው። የባሕር ትራውት ወደ ወንዝ የሚመለሰው እንቁላል ለመጣል ነው። ብዙም አይበላም፣ ድንጉጥ ነው። በነሱ በጋ ውሃው ሲጎድልና ሲጠራ ቀኑን ጥልቅ ቦታ ተደብቆ ይውላል። ዌልሶች ሌሊት የሚያጠምዱት ለዚህ ነው። ታዊ ወንዝ ላይ አንድ ሌሊት ክሬ ተተበተበብኝና ባትሪ አበራሁ። ብርሃኑ ውሃው ላይ አረፈ። ከእኔ ዝቅ ብለው የቆሙ አዛውንት አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ዘንጋቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሦስት ሰዓት ነድተው እንደመጡ የሰማሁት በኋላ ነው። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። መብራት ግድ ከሆነባችሁ ከወንዙ ራቅ በሉ፣ ጀርባችሁን ስጡት።

ሳይጨልም ውሃ አትግቡ። የማዶው ሣር አረንጓዴነቱ እስኪጠፋባችሁ ዳር ቁጭ በሉ።

ዝዋይ ላይ አምባዛ የለመደ ሰው ዘንጉን በኃይል ይመነጭቃል። የዚህ ዓሣ አፍ ስስ ነው፤ መንጠቆው ቀዶት ይወጣል። ዘንጉን ቀና ማድረግ ይበቃል።

የምትለቁትን ዓሣ በደረቅ እጅ አትንኩ። የሚከላከልለት ልጋግ ይላጣል።

በጨለማ ክር መቋጠር ደግሞ ወንዝ ዳር አይለመድም። ቅዳሜ ስትመጡ ሻሽ ያዙ፤ ዓይናችንን ሸፍነን ክር እንቋጥራለን።