ወደ ፍጥሞ ደሴት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እንደሚኬድ

ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ ዛሬም ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። ግሪኮች ፓትሞስ ይሏታል። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ሳይዘጋጁ ከሄዱ ታደክማለች።

ከቪዛ እንጀምር። ግሪክ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም ከሸንገን አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ተጨማሪ ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ ይሂድ።

ቀጥሎ መርከቡ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ብዙ ሰው ከአቴንስ አጠገብ ካለው የፒሬየስ ወደብ በመርከብ ይሄዳል። ጉዞው ሰባትና ስምንት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መርከብ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የጉዞውን ቀን አረጋግጡ። ቲኬቱ ላይ 15:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ እናት ወይም አባት የሚመጡ ከሆነ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒሬየስ ሜትሮ አለ። ኤክስ 96 (X96) አውቶቡስ ደግሞ ሌሊትም ይሠራል። ወደ ፍጥሞ የሚሄዱት መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከበር ኢ1 (E1) ነው። በሩ ከሜትሮው ስለሚርቅ፣ ሻንጣ ከያዛችሁ በወደቡ ውስጥ የሚመላለሰውን ነጻ አውቶቡስ ጠይቁ።

መርከቡ ፍጥሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ክፍል የምትይዙት ከፒሬየስ ከምትነሡበት ቀን ጀምሮ ይሁን። በሌሊት እንደምትደርሱም ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት። መርከቡ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስልካችሁን እንዲቀሰቅሳችሁ ሙሉና ቀደም ብላችሁ ወደ መውጫው ውረዱ።

ማረፊያችሁ ወደቡ ባለበት በስካላ ቢሆን ይሻላል። በማግስቱ ማልዳችሁ ተነሡ። ወደ ራእይ ዋሻና ከዚያም በላይ ወዳለችው ሆራ ወደምትባል ከተማ የሚወስድ በድንጋይ የተነጠፈ የድሮ መንገድ አለ። አቅም ላለው ሰው በእግር መውጣት ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ለደከመው አውቶቡስ አለ። የሽርሽር መርከቦች ሰው ካወረዱ በኋላ ግን ዋሻው ይጨናነቃል፤ ጸሎት ማድረስም ይቸግራል። ከጣሪያው ላይ በሦስት የተሰነጠቀውን ዐለት ተመልከቱ። ድምፁ የተሰማው ከዚያ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ውስጥ ፎቶ አይነሣም።

የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ያለው በሆራ ነው። አባ ክሪስቶዱሎስ የመሠረቱት በ1088 ሲሆን፣ የማርቆስ ወንጌል ከተጻፈባቸው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ብራናዎች የተወሰኑት እዚያ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። በቁምጣና በክፍት ትከሻ አይገባም። ነጠላ ያዙ፤ ለዋሻውም ለገዳሙም ይሆናል። ቅዳሴ ከገጠማችሁ ቆማችሁ አስቀድሱ። ተዋሕዶ ከሆናችሁ ግን ቁርባን አትቀበሉ፤ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ የተዋሕዶና የግሪክ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አንድ አይደሉም።

ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። የጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር በአደባባይ ሲፈጸም ለማየት ከፈለጋችሁ ክፍል ከወራት በፊት ያዙ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሜልቴሚ የሚባል ኃይለኛ ንፋስ አለ። ሲበረታ መርከብ ሊታገድ ይችላል። የመመለሻ አውሮፕላናችሁን በዚያው ቀን አትያዙ፤ አቴንስ ላይ አንድ ቀን ትርፍ ተዉ።

ለጾመኛ ምግብ አይቸግርም። «ኒስቲሲሞ» ካላችሁ የጾም መሆኑ ይገባቸዋል። ፋቫ የሚሉት የተፈጨ ክክ ነው፤ ሆርታ ደግሞ የተቀቀለ ጎመን የመሰለ ቅጠል። እነሱ ግን በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ስለሚበሉ፣ ሳህኑ ከመምጣቱ በፊት ምን እንዳለበት ጠይቁ።