ልጆችን ይዞ ወደ ላይብረሪ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነጻ የሳይንስና የኮዲንግ ዝግጅቶች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ አዲስ ገቢ ወላጆች፣ ልጆቻቸው ሳይንስንና ኮዲንግን (ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍን) በእጃቸው እየሠሩ በነጻ የሚማሩበት ቅርብ ቦታ የየሰፈሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙዎቻችን ቤተ መጻሕፍት ሲባል በዝምታ የሚጠናበት አዳራሽ ስለሚታየን፣ በልጆቹ ክፍል ወለል ላይ ትንንሽ ሮቦቶች ሲሽከረከሩና ልጆች ሲንጫጩ ስናይ በር የተሳሳትን ይመስለናል። በክፍያ የሚያስተምሩ የኮዲንግ ትምህርት ቤቶችና የሰመር ካምፖችም አሉ፤ ነገር ግን ልጁ ነገሩን ይውደደው አይውደደው ገና ሳይታወቅ ለእነሱ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም።

የአባልነት ካርድ በነጻ ይሰጣል። የዲሲ ቤተ መጻሕፍት ካርድ በከተማዋ ለሚኖሩ፣ ለሚሠሩና ለሚማሩ ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ባሉት እንደ ሞንትጎመሪ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ባሉ አካባቢዎች ለሚኖሩም ክፍት ነው። የሚጠየቀው መታወቂያና አድራሻን የሚያሳይ ወረቀት እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ዘመድ ቤት ተጠግተው ስለሚኖሩ የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል በስማቸው የሌላቸው ሰዎች፣ በስማቸው የመጣ ሌላ ደብዳቤ ይበቃ እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ። ብዙዎቹን የልጆች ዝግጅቶች ለመካፈል ግን ካርዱም አያስፈልግም።

ዝግጅቶቹ በየቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የዝግጅት መርሐ ግብር ውስጥ በቅርንጫፍ፣ በዕድሜና በርእስ ተለይተው ይገኛሉ። «ስቴም» የሚለው ምልክት ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምሕንድስናንና ሒሳብን በአንድነት ያመለክታል። ቦታው ውስን ስለሆነ በአብዛኛው አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሞልቶ ከሆነ በተጠባባቂ ዝርዝር መግባት፣ መሄድ ካልተቻለም ለሌላ ልጅ ቦታ እንዲለቀቅ ምዝገባውን መሰረዝ ተገቢ ነው። ሁለት ነገሮች አዲስ ገቢን በተደጋጋሚ ያሳስታሉ። አንደኛው ቀኑ ነው፦ እዚህ ወሩ ስለሚቀድም 3/7 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 7 ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፦ መርሐ ግብሩ ላይ 4 ሰዓት ከቀትር በኋላ የሚለው በእኛ አነጋገር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የቅዳሜና የእሑድ ዝግጅቶችም ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከልጆች የአማርኛ ትምህርት ጋር እንዳይጋጩ አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ለጀማሪዎች ከሚቀርቡት ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው ስክራች ነው። ይህ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ለሕዝብ የተለቀቀ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ በዋናነት ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው፤ ከእነሱ ለሚያንሱት ስክራች ጁኒየር የሚባለው በታብሌት ይሠራል። ልጁ ኮድ በፊደል አይጽፍም፤ ቀለም ያላቸውን የትእዛዝ ቁርጥራጮች እየጎተተ አንዱን ከሌላው በታች ይገጣጥማል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ድመት 10 እርምጃ እንድትሄድ ሲያዛት አንድ ጊዜ ብቻ ፈቀቅ ብላ ትቆማለች። ትእዛዙን «ሁልጊዜ ደጋግም» በሚለው ውስጥ ሲከተው ሮጣ ጠርዙ ላይ ትቀረቀራለች። ጠርዝ ስትነካ እንድትመለስ ሲያደርጋት ደግሞ ተዘቅዝቃ፣ እግሯን ወደ ላይ አድርጋ ትመለሳለች፤ ልጆቹ በሳቅ የሚፈነዱት ይኼኔ ነው። መፍትሔው የመዞሪያ ስልቷን ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ማድረግ ሲሆን፣ ልጁ ይህን ራሱ ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ ወላጁ ማውሱን ባይነጥቀው መልካም ነው። እንግሊዝኛ ገና ያልለመደ ልጅም ሆነ ወላጅ፣ ከገጹ አናት ባለው ማስተካከያ ውስጥ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መለወጥ ይችላል። ይህን አማራጭ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አያውቁትም፤ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው አብረው እንዲያነቡ ስለሚያስችላቸው ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው።

ከኮምፒዩተር ውጭ ከሚሠሩት መካከል የወረቀት ሰርኪዩት (ወረቀት ላይ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር) የተለመደ ነው። ልጆች ወረቀት ላይ የመዳብ ቴፕ ይለጥፉና፣ ባለ 3 ቮልት ክብ የሰዓት ባትሪና አንዲት ኤልኢዲ አምፖል በመጠቀም ካርድ ላይ ብርሃን ያበራሉ። አምፖሏ ካልበራች ብዙ ጊዜ የተገለበጠችው እሷ ናት፤ ረጅሙ እግሯ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጎን ጋር መገናኘት አለበት። ካርዱ ወደ ቤት ሲመጣ ግን ባትሪውን ከሕፃናት ማራቅ ግድ ነው፤ ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ዋናው የዲሲ ቤተ መጻሕፍት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 ተከፍቶ ከረጅም እድሳት በኋላ በ2020 እንደገና ሥራ የጀመረው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ፣ ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ (3D ፕሪንተር) እና የልብስ ስፌት መኪና የሚገኙበት የመሥሪያ ክፍል አለው። መሣሪያዎቹን ከመጠቀም በፊት ገለጻ መውሰድ ግዴታ ነው፤ የዕድሜ ገደብም ስላለ ትንንሽ ልጆችን ይዞ ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ያሻል።

ቤተ መጻሕፍት የልጆች መዋያ አይደለም። ልጅ ብቻውን መቆየት የሚችልበት ዕድሜ እንደየካውንቲው ስለሚለያይ፣ ልጁን አስገብቶ ወደ ሥራ መሄድ ችግር ያመጣል። ቋንቋ ያስቸገረው ሰው በዲሲ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እንደዚህ ላለው አገልግሎት የወጣ ነው፤ አማርኛም የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሃይስኩል የደረሱ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ሌላ በር አላችሁ። የዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ለመመረቅ 100 ሰዓት፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ተማሪ ደግሞ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠበቅበታል። ታናናሾቹን በስክራችና በሮቦት የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን የሚቀበሉ ቅርንጫፎች ስላሉ፣ ሰዓቱን በዚያ ማሟላት ይቻላል። የሰመሩ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ማመልከቻውን ትምህርት ሳይዘጋ፣ በእዚህ አገር ጸደይ (ስፕሪንግ) ወራት መጠየቅ ይሻላል።