«ደስ አለኝ»ን በእንግሊዝኛ ለመግለጽ ትክክለኛውን ቃል እንዴት መምረጥ እንደሚቻል

አማርኛ «ደስ አለኝ» የሚለውን አንድ አባባል ቡና ለጠራን ጎረቤትም፣ ልጁ ከስደት ለተመለሰለት ወዳጅም፣ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ያለ ችግር ያውለዋል። እንግሊዝኛ ግን ለሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ይፈልጋል፤ ብዙ መዛግብተ ቃላት ደግሞ ሁሉንም «ደስተኛ» ብለው ስለሚያልፏቸው ጸሐፊው እጁ የደረሰበትን ያነሣል። እኔም ለውጭ አገር እንግዶች የተጻፈ የግብዣ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስተረጉም «ብትገኙልን ደስ ይለናል» የሚለውን «ጆይፉል» በሚል ቃል ጽፌው፣ አለቃዬ «ይህ እኮ የመዝሙር ቃል ነው» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው አካሄድ እንደሚከተለው ነው።

ደረጃ 1፦ አስቀድመው ስሜቱን በአማርኛ ያጥሩት

መዝገበ ቃላት ከመግለጥዎ በፊት «ደስ አለኝ»ን ይተዉና ነገሩን ይበልጥ በሚገልጽ የአማርኛ ቃል ይተኩት፤ በዚህ ረገድ ቋንቋችን ድኻ አይደለም። ሰውዬው ጮቤ ከረገጠ እንግሊዝኛው «ኢሌትድ» ነው፤ ቃሉ ከላቲን የመጣና ፍችውም «ወደ ላይ የተነሣ» ስለሆነ ከዝላዩ ጋር በሚገባ ይገጥማል። ሕዝብ እልል እያለ አደባባይ ከወጣ «ጁቢላንት» ይባላል፤ የላቲን ሥሩ በደስታ መጮኽን ስለሚያመለክት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ፈገግ ለሚል ሰው አይሆንም። ያለው በቅቶት ረክቶ የሚኖር ሰው «ኮንቴንት» ነው፤ ይህን ቃል ሲናገሩ ሁለተኛውን ክፍል ጫን ማለት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ከተጫኑት «ይዘት» ማለት ይሆናል። ባላንጣው ሲወድቅ አይቶ «እሰይ፣ ደግ አደረገው!» ለሚል ሰው «ግሊ» ይስማማዋል፤ ይኸው ቃል ለሚቦርቁ ሕፃናትም ያገለግላል፣ ስለ ትልቅ ሰው ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ ክፋት ክፋት ይሸታል።

ሐሤት ወይም ፍሥሐ ብንለው የማያሳፍር ጥልቅ ደስታ ሲሆን «ጆይ» ቦታውን ያገኛል። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል መልአኩ ለእረኞቹ የሚያበሥራቸው «ታላቅ ደስታ» «ግሬት ጆይ» ነው፤ በዚያ ቦታ «ሃፒነስ» ቢገባ የምሥራቹ ክብደቱን ያጣ ነበር። ለአለቃዬ ተግሣጽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ደረጃ 2፦ «ደስ አለኝ» ነው ወይስ «ደስተኛ ነኝ»?

ደስታው አንድን ነገር ተከትሎ የመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ «በሰላም በመግባትህ ደስ አለኝ» ለማለት፣ «ግላድ» ይበቃል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ «የሚያበራ» የሚል ፍች ነበረው፤ «ፊቱ በራ» ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ይሁንና «ግላድ»ን ከሰው ስም ፊት አስቀድሞ «ደስተኛ ሰውዬ» ለማለት መጠቀም ዛሬ የተለመደ አይደለም፤ እዚያ ላይ የሚገባው «ሃፒ» ነው። «ሃፒ» የወጣው «ዕድል» ከሚል ጥንታዊ ቃል ሲሆን መጀመሪያ ላይ «ዕድለኛ» ማለት ነበር፤ «ምናልባት» የሚለው «ፐርሃፕስ»ም ከዚያው ሥር ነው። ለጊዜያዊ ደስታም ለዘላቂም ያገለግላል፤ የአሜሪካ የነጻነት ዐዋጅ በ1776 እ.ኤ.አ. ከሰው መብቶች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ፍለጋም የ«ሃፒነስ» ፍለጋ ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ቀን ፈንጠዝያ ሳይሆን የሕይወት ሁኔታ ነው።

ደረጃ 3፦ ማን ለማን እንደሚጽፍ ይመልከቱ

ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ፕሊዝድ» አስተማማኝ ነው፤ ጨዋ፣ ቁጥብና ብዙም ሙቀት የሌለው ቃል ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፦ «በሥራህ ፕሊዝድ ነኝ» ማለት መምህር ለተማሪው ወይም አለቃ ለሠራተኛው የሚናገረው ስለሆነ፣ ወደ ላይ ለአለቃ ሲጻፍ እንደ ድፍረት ሊታይ ይችላል። ሞቅ ያለ ጨዋነት ለሚጠይቅ የግብዣ መልስ «ዲላይትድ» ይሻላል። «ለመርዳት ሃፒ ነኝ» የሚለው ደግሞ ፈቃደኝነትን እንጂ ደስታን አይናገርም፤ ከደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛ ሲሰሙት ልቡ ተሞልቷል ብለው አይገምቱ።

ደረጃ 4፦ ኃይሉን ይመዝኑ

«ስሪልድ» ከ«ፕሊዝድ» እጅግ ይበረታል፤ ጥንታዊ ፍችው «መብሳት» ነበርና ሰውነትን ሰርስሮ የሚገባ ደስታ ነው። የእንግሊዝኛው የአፍንጫ ቀዳዳ መጠሪያ «ኖስትሪል» ሁለተኛ ክፍሉን ያገኘው ከዚሁ ከመብሳት ነው፤ በአማርኛም «ቀዳዳ» ማለታችን ደስ የሚል ግጥምጥም ነው። ከሁሉ በላይ ያለው «ኤክስታቲክ» ሲሆን የግሪክ ሥሩ ከራስ ውጭ መቆምን ያመለክታል፣ ማለትም ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ ደስታ ነው። እነዚህ ቃላት ጥጋቸው ላይ ስላሉ «ቬሪ»ን አይወዱም፤ «ቬሪ ሃፒ» ሲባል እንጂ «ቬሪ ኤክስታቲክ» ሲባል ጆሮ ይጎረብጣል።

ደረጃ 5፦ ደስ ያለውን ከደስ የሚለው ይለዩ

በጣም የሚዘወተረው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። «ቦታው ደስ ይላል» ለማለት «ቦታው ሃፒ ነው» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ደስ የሚለው ግን እነሱን እንጂ ቦታውን አይደለም። ሰው «ዲላይትድ» ሲሆን ያስደሰተው ነገር «ዲላይትፉል» ነው። «ኢንጆይ»ም የራሱ ጠባይ አለው፦ በመንገድ አማርኛ «ኢንጆይ አደረግን» ብለን እናቆማለን፣ በጥንቃቄ በተጻፈ እንግሊዝኛ ግን ግሡ ተሳቢ ስለሚፈልግ ምሽቱን ወይም ራሳችንን ብለን መጨመር ይኖርብናል።

ደረጃ 6፦ ፍቻቸው የተለወጠባቸውን ቃላት ይጠንቀቁ

«ጌይ» በቆዩ ጽሑፎች «ፍልቅልቅ» ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ያመለክታልና በጥንት ፍችው አይጠቀሙበት። «ሜሪ» ከገና ሰላምታ ውጭ እምብዛም አይሰማም፤ በብሪታንያ ስለ ሰው ሲነገር ትንሽ ሞቅ ያለው ሰካራም ማለትም ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ ዐረፍተ ነገር ይሞክሩ፦ «ሥራውን በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።» ለቀጣሪው ሲጽፉ «ፕሊዝድ» ወይም «ዲላይትድ» ይበሉ፤ ለጓደኛዎ በስልክ ሲልኩ «ስሪልድ»፤ ሲያስጨንቅዎ የነበረ የቤት ኪራይ በዚህ ምክንያት የሚከፈል ከሆነና ለእኅትዎ እፎይታዎን ሊነግሯት ከፈለጉ ደግሞ «ግላድ» ብቻውን ይበቃል።