የልጅ ክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ክሊኒክ እና ቦርሳ ውስጥ የቀረችው ፎርም

ሰሞኑን ቤቴ ቡና ሲፈላ ጠረጴዛው ላይ ከሲኒው ይልቅ የክትባት ካርድ ነው የሚበዛው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት፣ እናቴን ላስታምም መጥቼ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ባሌና ልጆቼ ሜሪላንድ ናቸው፣ እና ብሎኩ ላይ "የአሜሪካዋ" ተብዬ ስለቀረሁ ዲቪ የደረሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ጥያቄው አንድ ነው፣ ሻንጣው ስንት ኪሎ፣ በርበሬ ያስገባሉ ወይ፣ ጋቢ እንያዝ ወይ። ስለልጆቹ ትምህርት ቤት ሳነሳባቸው "እሱ እዛ ስንደርስ ይታያል" ይሉኛል። እዛ ስትደርሱማ ሁሉም ነገር ባንዴ ነው የሚመጣባችሁ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ፣ ቤት ኪራዩ፣ ሥራው፣ ማን ቁጭ ብሎ ወረቀት ያያል?

ይሄን የምጽፈው ባለፈው እሁድ ስለተናደድኩ ነው። የጎረቤቴ ወንድም ክረምት ላይ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ከመሄዱ በፊት እዚሁ ሶፋ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ እሱ "እሺ እሺ" እያለ ስልኩን ያያል። አሁን ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ልጁ ግን ክትባት አልተሟላም ተብሎ ቤት ተቀምጧል፣ ሚስቱ ደውላ "እህቴ፣ ምን ይሻለኛል፣ እዛ ሁሉን ወስዶ እኮ ነው የመጣው" እያለች ታለቅሳለች። መውሰዱንማ ወስዷል። ማን ያንብብለት ነው ጉዳዩ።

እኔም የተቃጠልኩት በዚሁ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። የገባነው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2017 ነው። ትልቋ ልጄ መስከረም 28 ቀን 2003 ነው የተወለደችው፣ ስንሄድ ሰባት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ማለት ነው። ካርዷ ላይ አንድ የተዘለለ ነገር የለም፣ ቢሲጂው (የቲቢው ክትባት)፣ ፖሊዮው፣ ፔንታው (አምስት በሽታ ባንዴ የሚከላከለው) ሦስቴ፣ ኩፍኙ በዘጠኝ ወሯ፣ ሁሉም በነርሷ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ። የመጀመሪያው ፔንታ 12/03/2003 ይላል። ኅዳር 12 ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2010፣ ልክ ስድስት ሳምንት ሲያልፋት። የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ግን፣ አሜሪካኖች ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2003 ብላ አነበበችው። ፓስፖርቷን አየች፣ ልደቷ ኦክቶበር 8 ቀን 2010 ይላል። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ልጄ ልትወለድ ሰባት ዓመት ገደማ ሲቀራት ነበራ የተከተበችው! "ካሌንደር፣ ካሌንደር" እላለሁ፣ እንግሊዝኛዬ እዛ ላይ ነው የሚያበቃው፣ ሴትየዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካሌንደር በጣቷ አሳየችኝ።

የሚያናድደው ደግሞ መፍትሔው እጄ ላይ ነበር። ለቪዛው አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) የጤና ምርመራ ስታደርጉ ክትባታችሁ ዲኤስ-3025 የሚባል ቅጽ ላይ በፈረንጅ ቀን ይሞላል፣ ኮፒ አለው። እኔ ቪዛው ከተመታ በኋላ ምን ይሠራልኛል ብዬ እናቴ ቡፌ ውስጥ ትቼው ሄድኩ። ባለፈው ወር የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት ስፈልግ ከሰርግ አልበሙ ሥር አገኘሁት፣ ንጹሕ፣ አንድም እጥፋት የለውም። ስምንት ዓመት።

እና ምን አደረግን፣ ልጅቷ ስምንት ቀን ከትምህርት ቀረች፣ እኔ ገና የጀመርኩት ሥራ ላይ ሦስት ቀን ቀረሁ፣ ከዛ አንድ የሀገር ሰው የጠቆመን የግል ክሊኒክ ሄደን እንደ አዲስ አስከተብናት። ሁለት በግራ ክንዷ ሁለት በቀኝ፣ ከ400 ዶላር በላይ፣ ኢንሹራንስ የለን፣ ባሌ ያኔ ፓርኪንግ ላይ ሲሠራ የሳምንት ደመወዙ ሄደ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ መዝጋቢዋ "ለክሊኒኩ ስጪው" አለችኝና ኮሪደሩ ላይ ያለውን በር አሳየችኝ። ለካ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ክሊኒክ አለ! ከሷ ቢሮ አስር እርምጃ አይሞላም። ውስጥ ያለችው ነርስ ፕራክቲሽነር (እንደ ሐኪም መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ናት) ስልክ አንስታ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባች፣ አስር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የኛ ዘመን አቆጣጠር ገባት፣ የድሮው ካርድ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ቀየረችው። ካንዱ በስተቀር አብዛኛው ይቆጠር ነበር። የጎደለውንም እዛው በነጻ ትወጋት ነበር፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ልጅ ክትባቱን መንግሥት ነው የሚገዛው፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። "ፎርሙን እኮ ምዝገባ ቀን ልከንልሽ ነበር" አለችኝ። ቤት ሄጄ የልጅቷን ቦርሳ ገለበጥኩት፣ ከሥር ከተጨፈለቀ ሙዝ ጋር ተጣብቃ ወጣች። ያውም በአማርኛ ተተርጉማ።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ ሂዱና ካርዱን በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ቀን፣ ማኅተም አስመትታችሁ አጽፉ። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍ፣ ይሄን እለምናችኋለሁ። "ካርድ ክፍል ቁልፍ የያዘችው ወጥታለች"፣ "ማኅተም ያለው ስብሰባ ላይ ነው"፣ "ነገ ተመለሺ" ትባላላችሁ፣ እኔ እዚህ ለጎረቤት ልጆች ብዬ አንዱ ጋ አራት ቀን ተመላልሻለሁ፣ ቢሆንም እዛ ሄዶ ከማልቀስ እዚህ መመላለስ ይሻላል። ዓመቱን ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7፣ ከዛ በኋላ 8 ትደምራላችሁ፣ ቀኑና ወሩ ግን በጣት አይቆጠርም፣ መቀየሪያ አፕ ሞልቷል። ከአይኦኤም የተሰጣችሁን ኮፒ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አንሱት፣ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉት፣ ዋናውን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ሻንጣው ይጠፋል።

ካርዱ ሙሉ ቢሆንም መርፌ አይቀርላችሁም፣ እሱንም እወቁት። ኩፍኝ በዘጠኝ ወር የተወጋ እዛ አይቆጠርም፣ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የሆነውን ነው የሚቀበሉት (ካንዱ በስተቀር ያልኩት እሱ ነው)። ጆሮ ደግፍና ቺክንፖክስ ደግሞ የኛ መደበኛ ክትባት ውስጥ የሉም፣ እዛ ይጠየቃሉ። ቲቢ ምርመራ ከተባለ ልጁ ቢሲጂ እንደወሰደ ተናገሩና በደም የሚሠራውን ጠይቁ፣ ቆዳ ላይ የሚወጉት በቢሲጂ ምክንያት ያለ በሽታው ሊያብጥ ይችላል። ሜሪላንድ የምትሄዱ ደግሞ፣ ክትባት ቢጎድል እንኳን ቀጠሮ የያዛችሁበትን ወረቀት ካሳያችሁ በ20 ቀን ውስጥ እስከሆነ ድረስ ልጁ ትምህርት ይጀምራል። ይሄን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም፣ ጠይቁ።

አሁን ስለክሊኒኩ። ሰው የሚያደናግረው የትምህርት ቤት ነርስና የትምህርት ቤት ክሊኒክ አንድ ስለሚመስሉት ነው። ነርሷ በየትምህርት ቤቱ ልትኖር ትችላለች፣ ፕላስተር ትለጥፋለች፣ ትኩሳት ትለካለች፣ "መጥተሽ ውሰጂው" ብላ ትደውላለች። መድኃኒት በሐኪም የተፈረመ ወረቀት ካልሰጣችኋት አትሰጥም፣ ስለዚህ ልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ ከዚህ የወሰዳችሁትን አሞክሳሲሊን እንዳትከቱ፣ ጉድ ይፈላል። ክሊኒኩ ሌላ ነው። ስሙ ስኩል ቤዝድ ኸልዝ ሴንተር ነው፣ አንዳንዱ ዌልነስ ሴንተር አንዳንዱ ቲን ኸልዝ ሴንተር ይለዋል፣ ውስጡ ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር አለ፣ ይመረምራሉ፣ ይከትባሉ፣ መድኃኒት ያዛሉ፣ አስም ይከታተላሉ፣ ለስፖርት የሚጠየቀውን ምርመራ ያደርጋሉ፣ ብዙዎቹ ጋ የአእምሮ ጤና አማካሪ አለ፣ አንዳንዱ ጋ ጥርስም አለ። የሚያስተዳድረው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ አይደለም፣ ከውጭ ያለ ጤና ተቋም ነው።

ሁሉም ትምህርት ቤት ግን ክሊኒክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021–22 በተደረገው ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ወደ 3,900 ነበሩ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወደ 100,000 ይጠጋል፣ እንግዲህ አስሉት። ዴንቨር ብዙ አለ፣ ሲያትልም አለ፣ ሚኒሶታ ሴንት ፖል ሃይስኩል ውስጥ ገና እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የጀመሩት። የናንተ ከሌለው አቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ክሊኒክ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ይቀበላል፣ ታናናሾቹንና ወላጅንም የሚያይ አለ።

ፎርሟ ላይ ልምጣ። ወላጅ ካልፈረመ ክሊኒኩ ልጁን አያይም፣ ድንገተኛ ወይም ወደታች የምነግራችሁ የጎረምሳ ጉዳይ ካልሆነ በቀር። እኛ ደግሞ እዚህ ፊርማ ስንፈራ ነው ያደግነው፣ ቀበሌ የፈረምከው ነገር ዞሮ መጥቶ ይይዝሃል፣ ስለዚህ የማይገባን ወረቀት ሲመጣ ወይ እንጥለዋለን ወይ ሳናነብ እንፈርማለን። ሁለቱም ልክ አይደለም። አንዱ ወንድማችን "ከፈረምክ ልጁን ይወስዱብሃል" ብሎ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲያስወራ ሰምቼዋለሁ፣ ኧረ እባካችሁ! ክሊኒኩ ሐኪም ነው። (ልጁን በቀበቶ ገርፋችሁ ብትልኩት ግን ነርሷም መምህሯም ሪፖርት የማድረግ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፣ እሱ ከፎርሙ ጋር አይገናኝም፣ መግረፉን ተዉት።) ፎርሙ ላይ የኢንሹራንስ ቁጥር፣ አለርጂ፣ የምትስማሙባቸው አገልግሎቶች ዝርዝር ይኖራል። አንብቡት፣ የማትፈልጉት ካለ ጠይቁ፣ ፈርሙ፣ ፎቶ አንሱት፣ በእጃችሁ ክሊኒኩ በር ድረስ ውሰዱት። በልጅ ቦርሳ አትላኩ፣ ሙዙን አስታውሱ።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ ከድንገተኛ በቀር ልጅን ማስተርጎም በሕግ አይፈቀድለትም፣ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ የነሱ ሥራ ነው። "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" በሉ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አንዳንዷ ፀሐፊ ፊቷን ታጠቁራለች፣ ታጥቁረው።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ አዋቂ በግሪን ካርድ ገብቶ ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ለማግኘት ባብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። ይሄን የሰማ ሀበሻ ሁሉ ልጆቹንም ሳያስመዘግብ ይቀመጣል፣ ስህተቱ እሱ ነው። ስቴቶች ለልጆች ይሄን አምስት ዓመት ማንሳት ይችላሉ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ አንስተዋል። በገባችሁ በሳምንቱ አመልክቱላቸው፣ ማመልከቻው ካስቸገራችሁ የክሊኒኩን ሰዎች እርዱን በሏቸው።

ለራሳችሁ ደግሞ ክሊኒኩን ማን ነው የሚያስተዳድረው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ኮሚዩኒቲ ኸልዝ ሴንተር የሚባለው ዓይነት ነው፣ ዋናው ቅርንጫፉ አዋቂ ያያል፣ መክፈል አልቻለም ብሎ ሰው መመለስ አይችልም፣ ክፍያውም እንደገቢያችሁ ይቀነሳል። እኔ የባሌን ስኳር ያገኙልን በልጄ ክሊኒክ በኩል ነው፣ ከዛ በፊት ወገቤን አመመኝ ብሎ ኢመርጀንሲ ሩም ሄዶ የመጣብን የሕክምና ሂሳብ እስካሁን ሲታወሰኝ ያመኛል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ክሊኒኩም ሊዘጋ ስለሚችል ልጁ አስም ካለበት መድኃኒቱን ቀድማችሁ አሳዝዙ።

ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። ብዙ ስቴት ውስጥ ልጁ ያለወላጅ ፈቃድ ብቻውን የሚታይባቸው ነገሮች አሉ፣ ዋሽንግተን ለምሳሌ ከ13 ዓመት ጀምሮ ለአእምሮ ጤና ምክር ራሱ ይፈቅዳል። እናቶች ይሄን ሲሰሙ ይናደዳሉ፣ እኔም ተናድጄ ነበር። ትልቋ ልጄ ሚድል ስኩል እያለች እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ ትታ፣ እኔ ሰው በልቷት ነው እያልኩ ጸበል ስፈልግ፣ እሷ ለካ ሁለት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓት አማካሪዋ ጋ ትሄድ ነበር። ስሰማ ቤት ውስጥ ጮኬያለሁ። ግን እህል መብላት የጀመረችው እዛ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ነው፣ ምን ልበል። ጸበሉንም ያዙት፣ አማካሪዋንም አትከልክሉ።

የጎረቤቴን ወንድም ሚስት ትናንት መልሼ ደወልኩላት። ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ አለው ወይ ብላት "ኧረ እኔንጃ" አለች፣ ቆይታ ደግሞ "መግቢያው ጋ የሐኪም ቤት ነገር የመሰለ በር አለ" አለች። ነገ ጠዋት እዛ በር ላይ ናት። እዚህ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ የሌላዋ ጎረቤቴ ልጆች ሦስት ካርዶች ተዘርግተዋል፣ በእርሳስ እየቀየርኩ ነው፣ የትንሹ ካርድ ላይ ሁለተኛው ፔንታ ያለበት ቦታ ቡና ፈሶበት ቀኑ አይነበብም፣ ሰኞ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ሄደን እናወጣዋለን፣ ቁልፍ የያዘችው ካልወጣች።