ዶሮዎቹ ሲያስሉ፦ በእንቁላል ጣይ መንጋ የመተንፈሻ በሽታን መለየት

ዶሮ አርቢ ቤቱ ውስጥ ሳል ሲሰማ አፉ ላይ የሚመጣለት ስም ፈንግል ነው፣ እጁ የሚዘረጋው ደግሞ ወደ ኦክሲ። ሁለቱ አይገናኙም። ፈንግል የኒውካስል በሽታ ነው፤ ኒውካስል ቫይረስ ነው፤ ኦክሲ፣ ማለትም ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ባክቴሪያን የሚዋጋ አንቲባዮቲክ ነው፤ ቫይረስ አይነካም። እውነት ፈንግል ከሆነ ገንዘቡ ባከነ፤ ኦክሲው ከሠራ ደግሞ በሽታው ፈንግል አልነበረም።

መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጻፉ፦ ሕመሙ ከመጀመሪያዋ ዶሮ ተነሥቶ ቤቱን ለማዳረስ ስንት ቀን ፈጀበት? እንቁላሉስ ምን ሆነ? ማታ ደግሞ መብራት አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ቁሙ። ቀን ሲያስካኩ የማይሰማው ማንኮራፋት ያን ጊዜ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከየትኛው ጥግ እንደሚመጣም ትለያላችሁ።

የእናንተም ዓይን ካቃጠለ

በርከክ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት አሽትቱ። አፍንጫና ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ አሞኒያ ነው። ከ25 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 25) ሲያልፍ የአየር ቧንቧቸውን ይጎዳል፣ ለሌላው በሽታ ሁሉ በር ይከፍታል። ጉዝጓዙን ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ እንደ ድቡልቡል ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል። የሚያፈስ መጠጫ ጠግኑ፣ የረጠበውን አውጡ፣ ብርድ ገባ ብላችሁ በሸራ የዘጋችሁትን መስኮት ከላይ በኩል ክፈቱ። ብዙ "በሽታ" እዚሁ ያልቃል።

ክትባት በተሰጠ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ቀለል ያለ ማስነጠስ

እንደ ላሶታ ያለ ሕያው የፈንግል ክትባት የሚያስከትለው ነው። እየበሉና እየጣሉ ከሆነ ተዉአቸው። ሳምንት አልፎ ከቀጠለ ወይም ከበረታ ግን ሥር ሌላ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ነው።

በአንድ ሁለት ቀን ቤቱን በሙሉ ካዳረሰ

ፍጥነቱ ወደ ቫይረስ ያመለክታል። እዚህ ላይ የእንቁላል ትሪው ከዶሮዋ የበለጠ ይናገራል።

ሞት ጥቂት ሆኖ እንቁላሉ ከቀነሰ፣ ቅርፊቱ ከተጨማደደ፣ ቅርጹ ከተጣመመ፣ ቡናማው ከነጣ፣ ኢንፌክሽየስ ብሮንካይተስን ጠርጥሩ። ሳህን ላይ ስበሩት። የደህናው እንቁላል ነጭ አስኳሉን ከብቦ ወፈር ብሎ ይቆማል፤ የዚህኛው እንደ ውሃ ተበትኖ ሳህኑ ጠርዝ ይደርሳል። የሚያድን መድኃኒት የለም። ነፋስና ቅዝቃዜ እንዳይመታቸው ጠብቁ፣ ንጹሕ ውሃና ቫይታሚን ስጡ፤ ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ከተደረበ ብቻ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ያዛል። ቁጥሩ ቢመለስም የአንዳንዶቹ እንቁላል ጥራት እንደተበላሸ ሊቀር ይችላል፤ ያን ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተጠመዘዘ አንገት፣ የሚንቀጠቀጥ ክንፍና በየቀኑ የሚጨምር ሞት ከታየ ግን እውነተኛውን ፈንግል ጠርጥሩ። የሞተችው ስትከፈት ምግብ ከሚፈጨው ጡንቻማ ጨጓራ በላይ ባለችው ትንሽ ጨጓራ ውስጥ ነጠብጣብ ደም ይገኛል፤ ባይገኝ ግን ፈንግል አይደለም ማለት አይደለም። ተከትቦ ሙሉ መከላከያ ያላገኘ መንጋም ላይሞት ይችላል፤ እንቁላሉ ብቻ ይወድቃል። ቤቱን ዝጉ፣ ሬሳውን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፣ ገና ያልታመመውን ቤት ወዲያው አስከትቡ። ከዚያ የክትባቱን ነገር መርምሩ። ከቢሾፍቱው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የወጣ ጥሩ ክትባት በየመንገዱ ሞቆ ከሞተ ውሃ ብቻ ነው ያጠጣችሁት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ክሎሪን በሌለው ውሃ፣ በሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ተጨምሮበት ይበጥበጥ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ።

ከዓይን ሥር ካበጠ

አንድ ወገን ፊቷ ተነፍቶ ዓይኗ የተዘጋ፣ ከአፍንጫዋ ክርፍ ያለ ፈሳሽ የሚወጣ፣ ሞት ግን የማይበዛ፦ ኢንፌክሽየስ ኮራይዛ። ባክቴሪያ ነው፤ ንክኪ በተደረገ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወጣል፣ እንቁላል ከ10 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ኦክሲ እዚህ ቦታ አለው፣ በሐኪም ልክ ከሆነ። ሲቆም ግን ይመለሳል፤ የዳነችው ዶሮ ተሸካሚ ሆና ትቀራለችና። አሮጌና አዲስ መንጋ አንድ ግቢ የሚያኖር ሰው ከዚህ በሽታ አይላቀቅም። አሮጌው ወጥቶ፣ ቤቱ ታጥቦና ደርቆ ነው አዲስ ቄብ የሚገባው።

ለሳምንታት የሚንፏቀቅ ማንኮራፋት

ማይኮፕላዝማ ነው፤ በእንቁላል ከእናት ወደ ጫጩት ስለሚተላለፍ ከገዛችሁት ጫጩት ጋር መጥቶ ሊሆን ይችላል። ታይሎሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ያቀለዋል፣ አይነቅለውም። እንቁላሉ ስንት ቀን እንደማይሸጥ የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። አንብቡት፤ ለዚህ ምክንያት አይደረደርም።

አንገቷን አርዝማ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ

አፏን ክፈቱ። ጉሮሮው ላይ የተጣበቀ ቢጫ ቅርፊት፣ ሲላጥ የሚደማ፣ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ግድግዳው ላይ ደም የተቀላቀለበት አክታ ተረጭቶ ካገኛችሁ ላሪንጎትራኪአይተስን አስቡ፤ ከብሮንካይተስ ይልቅ ቀስ ብሎ ይዛመታል፣ የተረፉት ግን ቫይረሱን ይዘው ይኖራሉ። ለሁለቱም መድኃኒት የለም፣ ክትባት እንጂ።

ብዙ ዶሮ በድንገት በአንድ ሌሊት ካለቀስ? ሬሳ አትክፈቱ፣ አትሽጡ፣ ማንም አይግባ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ እስኪወገድ ድረስ እንዳለ ይቆጠራል።

ምልክት ይቀራረባል፤ ሁለት ሦስቱም አብረው ይመጣሉ፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። የምትወስዷት ልትሞት የደረሰችውን ሳይሆን ትናንት የጀመራትን ነው፣ አራት አምስት አድርጋችሁ፣ በሕይወት። ደም ከተወሰደ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ መልሱ በሁለቱ ልዩነት ውስጥ ነው። የክትባት መዝገባችሁን ያዙ። ኦክሲ ሰጥታችሁ ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ መድኃኒቱ ውስጧ እያለ ባክቴሪያው የላቦራቶሪው ማብቀያ ሳህን ላይ ላይበቅል ይችላል።